ጉልበት ሲያብጥ፦ የቱ ዛሬውኑ ይነገራል፣ የቱ ቀጠሮ ይጠብቃል?

የአርትራይተስ (የመገጣጠሚያ ብግነት) ክትትል ያለው ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ጉልበቱ ዛሬ ያብጣል፣ ቀጠሮው ግን ከሁለት ወር በኋላ ነው። እስከዚያ ማስታገሻ እየዋጠ፣ ጉልበቱን በሻርፕ እየጠቀለለ፣ «ብርድ ነው» እያለ ይቆያል። ቀኑ ሲደርስ እብጠቱ ጎድሏል። ሐኪሙ «እንዴት ከረምክ?» ሲለው «ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ባህላችን ነው፣ ማን ሐኪም ፊት ቁጭ ብሎ ያማርራል? መድኃኒቱም ሳይስተካከል እንዳለ ይቀጥላል። ጉልበቱ ግን ባበጠ ቁጥር ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ውስጥ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ በሽታ) ሐኪም እንደ ልብ አይገኝም። አንዳንዱ ሰው እንደ ጥቁር አንበሳ ባሉ ትልልቅ ሆስፒታሎች ይከታተላል፣ ሌላው የውስጥ ደዌ ወይም የአጥንት ሐኪም ጋ። የትም ይሁን የት ሐኪሙ ፊት የምትቀመጡባት ጊዜ አጭር ናት። ስለዚህ ሁለት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። አንደኛው የትኛው እብጠት ቀጠሮ እንደማይጠብቅ ነው። ሁለተኛው የሚጠብቀውን እብጠት ሐኪሙ በዓይኑ እንዳየው አድርጎ ይዞ መቅረብ ነው።

መጀመሪያ፦ ዛሬውኑ የሚያስኬድ ምልክት አለ?

ጉልበታችሁ ካበጠ ማስታገሻ ከመዋጣችሁ በፊት ትኩሳታችሁን ለኩ። በፊት ያልኩት ፓራሲታሞልም ዲክሎፌናክም ትኩሳት ስለሚያወርዱ ነው፤ ከዋጣችሁ በኋላ ብትለኩ ቁጥሩ ያታልላችኋል።

አሁን ጉልበቱን እዩት። በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት አብጦ የሚፋጅ ከሆነ፣ ማጠፍም መዘርጋትም ካስቸገረ፣ መሬት መርገጥ ካቃታችሁ፣ በዚያ ላይ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ካለ፣ ነገ አይባልም። በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። መገጣጠሚያው ውስጥ ጀርም ገብቶ ሊሆን ይችላል። መግል የያዘ መገጣጠሚያ በቀናት ውስጥ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነውን ለስላሳ አካል አበላሽቶ ሊጨርሰው ይችላል፣ ኢንፌክሽኑም ወደ ደም ሊገባ ይችላል። መንቀሳቀስ ካልቻላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የጠቆረ ቆዳ ላይ ቅላት ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «አልቀላም» ብላችሁ አትዘናጉ፣ በሙቀቱ ፍረዱ።

«ትኩሳት የለኝም» የሚለውም ሙሉ ዋስትና አይደለም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው፣ ስኳር ያለበት ሰው ጉልበቱ ውስጥ ኢንፌክሽን ይዞም ትኩሳቱ ላይወጣ ይችላል። ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት በሽታ) ያለባቸው ሰዎች ደግሞ ለዚህ ኢንፌክሽን ከሌላው ሰው ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው፤ በሽታውም፣ በሽታውን ለማብረድ የሚሰጠው መድኃኒትም የሰውነትን መከላከያ ይነካል። በቅርቡ ጉልበቱ ውስጥ መርፌ የተወጋ ወይም ሰው ሠራሽ ጉልበት የተገጠመለት ሰውም እንዲሁ ቶሎ መታየት አለበት።

ሪህ ያለባችሁ ሰዎች እዚህ ላይ ቆም በሉ። የሪህ ግርሻ ሌሊት ከእንቅልፍ ቀስቅሶ ጉልበትን አሳብጦ ሲያቃጥል ከኢንፌክሽን ጋር ቁርጥ አንድ ነው። ትኩሳትም ሊያመጣ ይችላል። ሁለቱ አንድ ጉልበት ላይ አብረው ሊገኙም ይችላሉ። «የለመድኩት ሪሄ ነው» ብሎ ሦስት ቀን ቤት መተኛት የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ለይቶ የሚናገረው ከጉልበቱ የሚቀዳው ፈሳሽ ነው፣ እሱም በመርፌ ተቀድቶ ላብራቶሪ ሲታይ።

ከዚሁ ጋር አንድ ነገር አደራ። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ጀምራችሁ አትሂዱ። ፈሳሹ ሳይቀዳ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ከተጀመረ ጀርሙ ምርመራው ላይ ላይገኝ ይችላል፣ ሐኪሙም በግምት ለማከም ይገደዳል።

ዛሬውኑ የሚያስኬዱ ሌሎችም አሉ። ከወደቃችሁ ወይም ጉልበታችሁ ከተጠመዘዘ በኋላ በሁለት ሦስት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም ሊሆን ይችላል፤ እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ ይበልጥ ፍጠኑ። ባታችሁ አብጦ፣ ሞቆ፣ ሲነካ ካመመ የደም መርጋት መሆን አለመሆኑ መታየት አለበት። አንዳንዴ ከጉልበት ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ፈንድቶ ወደ ባት ሲወርድም ልክ እንደዚያው ይመስላል፣ ግን እሱን ቤት ውስጥ መለየት አይቻልም። ከዚህ ጋር ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ አንድ ደቂቃም አትጠብቁ።

ቀጥሎ፦ በእርግጥ ውሃ ቋጥሯል?

ከላይ ያሉት ከሌሉ ተረጋግታችሁ ጉልበቱን መርምሩት። ቁምጣ ልበሱ፣ አልጋ ላይ በጀርባችሁ ተኙ፣ ሁለቱንም እግር ዘርጉ። ጭናችሁን ዘና አድርጉት፣ ከተወጠረ ምንም አይታይም።

በመጀመሪያ ሙቀቱን። የእጃችሁን ጀርባ ጭናችሁ ላይ፣ ከዚያ ጉልበታችሁ ላይ፣ ከዚያ ቅልጥማችሁ ላይ አሳርፉ። ደህና ጉልበት ከጭንም ከቅልጥምም ቀዝቀዝ ያለ ነው። ጉልበቱ እኩል ከሞቀ ወይም ከበለጠ ውስጡ ብግነት አለ ማለት ነው። ሌላኛውንም ጉልበት እንዲሁ አድርጉና አወዳድሩ።

ከዚያ ፈሳሹን። ከሎሚው (ከጉልበቱ ፊት ካለው ክብ አጥንት) በውስጥ በኩል፣ ማለትም ከሌላኛው እግር ጋር ፊት ለፊት በሚተያየው በኩል፣ ትንሽ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። በመዳፋችሁ ከዚያ ጎድጓዳ ጀምራችሁ ወደ ላይ፣ ወደ ጭን፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ጥረጉ። ፈሳሹ ወደ ላይ ይሸሻል። አሁን በውጭ በኩል ከጭን ወደ ታች አንዴ ጠረግ አድርጉና ዓይናችሁን ከጎድጓዳው አትንቀሉ። ቀስ ብሎ ሞላ ካለ ጉልበቱ ውሃ ቋጥሯል። ፈሳሹ በጣም ብዙ ከሆነ ግን ጎድጓዳው ከመጀመሪያውም ስለሌለ ምንም ሲሞላ አታዩም። ያኔ ሎሚውን በጣት ወደ ውስጥ ጫን ስታደርጉት የሚንሳፈፍ ይመስላችኋል። ደህና ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፣ በእጅ ተዳብሶ አይገኝም።

እብጠት ሁሉ ከመገጣጠሚያው ውስጥ አይደለም። በሁዳዴ፣ በተለይ ስቅለት ቀን ብዙ የሰገደ ሰው ከሎሚው ፊት ለፊት፣ ቆዳው ሥር፣ እንቁላል የሚያክል ልስልስ ያለ እብጠት ሊያወጣ ይችላል። ተንበርክኮ ወለል የሚያነጥፍ ሠራተኛም ያጋጥመዋል። ከሎሚው ላይ ያለች ትንሽ ከረጢት ስትቆጣ ነው፣ ጉልበቱ ራሱ ብዙውን ጊዜ በደንብ ይታጠፋል። አብዛኛውን ጊዜ መንበርከክ ሲቀር ይቀንሳል። ቆዳው ከተላጠ፣ ከሞቀና ከቀላ ግን እሷም ልትመረዝ ስለምትችል ለሐኪም ትታያለች።

ጻፉት፣ ለኩት፣ ፎቶ አንሱት

ይህ ብዙ ሰው የሚንቀው ሥራ ነው፣ ለእኔ ግን ከሁሉም ይበልጣል።

የልብስ ሰፊ ሜትር ያዙ። እግራችሁን ዘርግታችሁ ሜትሩን በሎሚው መሃል ላይ አዙሩ፣ ሳታጠብቁ። ሁለቱንም ጉልበት ለኩና ቁጥሩን ጻፉ። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ ይሁን፣ ለምሳሌ ሁሌ ማታ 2 ሰዓት፤ ጠዋትና ማታ የሚለካው እብጠት አንድ አይደለምና። አንዱ ቀን ብቻ ብዙ አይናገርም፣ ቁጥሩ ሲጨምርና ሲቀንስ ነው የሚናገረው።

ፎቶውን መስኮት አጠገብ፣ ሁለቱም ጉልበት አንድ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ አንሱ። ያበጠውን ብቻ አስጠግታችሁ ካነሳችሁት ሐኪሙ ከምን ጋር ያወዳድረዋል?

ከዚያ ስልካችሁ ላይ ወይም ደብተር ላይ እነዚህን አስፍሩ፦ መቼ ጀመረ፣ በድንገት ነው ቀስ በቀስ፣ ሌላ ያበጠ መገጣጠሚያ አለ ወይ፣ ሰሞኑን ወድቃችኋል ወይ፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ነበረባችሁ ወይ፣ የዘለላችሁት መድኃኒት አለ ወይ። የመጨረሻውን በእውነት ጻፉት። ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን ያቆመ፣ ፋርማሲ አጥቶት ሁለት ሳምንት የቀረበት፣ ዋጋው ከብዶት ያካፈለ ሰው ብዙ ነው። ሐኪሙ ይህን ካላወቀ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ ሌላ ከባድ መድኃኒት ሊጨምር ይችላል።

የጠዋቱን መገተር ደግሞ በሰዓት ያዙት። ከአልጋ ስትነሱ ጉልበቱ ተሳስሮ አልታዘዝ ይላል፤ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ወሰደ? የአጥንቶቹ ጫፍ ሽፋን በመበላቱ የመጣ የጉልበት ሕመም ብዙውን ጊዜ በ30 ደቂቃ ውስጥ ይፍታታል። እንደ ሩማቶይድ ያለው ብግነት ግን አንድ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል። «ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቼ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ደረጃ መውረድ አልቻልኩም» የሚል ሰው ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ሰጠ፣ «ጠዋት ጠዋት ያመኛል» ያለው ግን ምንም አልነገረውም።

ታዲያ መቼ ይነገር?

ቀጠሮ ሳትጠብቁ፣ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መናገር ያለባችሁ እነዚህ ሲሆኑ ነው። ከዚህ በፊት አብጦ የማያውቅ ጉልበት ካበጠ። የለመዳችሁት እብጠት በዕረፍት ካልቀነሰ። ጠዋት የሚገትረው ጊዜ እየረዘመ ከመጣ። ሌላ መገጣጠሚያ አብሮ ከተነሳ። መድኃኒታችሁ ከተቀየረ ወይም መጠኑ ከተቀነሰ በኋላ ከሆነ። ጉልበቱ ሙሉ ለሙሉ መዘርጋት ካቃተው። ወይም ማስታገሻ ካልዋጣችሁ መዋል ካልቻላችሁ።

ለሩማቶይድ የሚሰጠውን ሜቶትሬክሴት የምትወስዱ፣ ጉልበቱ ካበጠበት ጊዜ ጋር ትኩሳት ወይም ሌላ ኢንፌክሽን ካለ ቀጣዩን ከመዋጣችሁ በፊት ጠይቁ። መድኃኒቱ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ እንደሚወሰድም አትርሱ። «ጉልበቴ ስላበጠ ልጨምርበት» ብሎ በየቀኑ መዋጥ ሰው ይገድላል፣ ማጋነኔ አይደለም።

ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ያበጠ አንድ ጉልበት፣ ብዙ የማያም ግን የማይጎድል፣ ከክብደት መቀነስ ወይም ከሌሊት ላብ ጋር ከመጣ ለሐኪሙ ለይታችሁ ንገሩት። እኛ አገር ቲቢ መገጣጠሚያ ውስጥም ይገባል። ጥሬ ወተት የምትጠጡ ከሆነም ተናገሩ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከዚያ ይመጣል፣ መገጣጠሚያም ይይዛል።

ቀጠሮ የሚጠብቀውስ? ብዙ ተራምዳችሁ፣ ለምሳሌ ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በእግራችሁ ወርዳችሁ ማታ ትንሽ ያበጠ፣ ያልሞቀ፣ አንድ ሁለት ቀን ስታርፉ የጎደለ። ይህን ጻፉትና በቀጠሮው ቀን ንገሩ። ቁልቁለት ከሜዳ ይልቅ ጉልበት ላይ ጫና ያበዛል።

ስትደውሉ ወይም በአካል ስትሄዱ ምን ትላላችሁ

የቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ስልክ ካለ ደውሉ። ከሌለ ካርዳችሁን ይዛችሁ ወይም ሰው ልካችሁ ክሊኒኩ ያለችውን ነርስ አነጋግሩ። «ሲስተር፣ ጉልበቴን አሞኝ ነበር» ካላችሁ መልሱ «በቀጠሮሽ ቀን ነይ» ነው የሚሆነው፣ አይፈረድባትም፣ ኮሪደሩ ሙሉ ጉልበቱን ያመመው ሰው ነው። እንዲህ በሉ፦

«ሲስተር፣ ሩማቶይድ አለብኝ፣ ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን እወስዳለሁ። ከማክሰኞ ጀምሮ ቀኝ ጉልበቴ አብጧል፣ ከግራው በ3 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል፣ ይሞቃል። ትኩሳት የለኝም። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ ይገትረኛል። ፎቶ አለኝ። ዶክተሩ ቀጠሮዬን ሊያስቀድምልኝ ይችላል ወይስ ተረኛ ሐኪም ልታይ?»

ይህ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይወስድም፣ ሰሚውም ምን እንደሚወስን ያውቃል። ለእናታችሁ ወይም ለአባታችሁ የምትደውሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ራሳችሁ ጉልበቱን እዩት። ወላጆቻችን «ምንም አልሆንኩም» ማለት ይቀናቸዋል፣ እንዳያስቸግሩን ብለው ነው።

ቀጠሮ ማስቀደም ካልተቻለ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ታዩ፣ ሪፈርም ከዚያ ይጻፋል። ዝም ብሎ ቀኑን መቁጠር ብቻ አይሁን።

እስከዚያ ቤት ውስጥ

ለሞቀ ጉልበት ቀዝቃዛ ነው የሚሻለው። በረዶ በፎጣ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት፣ ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉ። ፍሪጅ ከሌለ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ፎጣም ይረዳል።

ወጌሻ ጋ ሄዶ ያበጠ ጉልበት ማሳሸት ይቅርባችሁ። ውስጡ ኢንፌክሽን፣ ስብራት ወይም የረጋ ደም ቢኖር እሽቱ ያባብሰዋል።

ብዙ ሰው ስለሚሻለው ጉልበቱ ሥር ትራስ አድርጎ ይተኛል። ለቀናት ሲሆን ጉልበቱ እንደታጠፈ ሊቀር ይችላል። ትራሱን ተረከዝ ሥር አድርጉት፣ ጉልበቱ ይዘርጋ። እዚያው ተኝታችሁ ጭናችሁን አጥብቃችሁ 5 ሰከንድ ያዙና ልቀቁ፣ በቀን ውስጥ ደጋግሙት። ያበጠ ጉልበት የጭን ጡንቻን ቶሎ ያከስማል፣ የከሰመ ጭን ደግሞ ጉልበቱን አይደግፈውም።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የአንድ ቤተሰብ መድኃኒቶች ናቸው፣ ሁለቱን አንድ ላይ አትውሰዱ። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም ልብ የሚያማችሁ ወይም ግፊት ያለባችሁ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ በባዶ ሆድ አትዋጡት፣ ሰዓቱን ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩበት። ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም፣ የጉበት ችግር ያለበት ሰው ግን ልኩን ይጠይቅ። ካለፈው የተረፈ ፕሬድኒሶሎን ቤት ካለ በራሳችሁ አትጀምሩት፣ ስትወስዱት የቆያችሁትን ደግሞ በድንገት አታቋርጡ። ለሪህ አሎፑሪኖል የምትወስዱም ጉልበቱ ስላበጠ ብቻ አታቁሙት። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ስሙን ለሐኪሙ አሳዩት፣ ሽንት የሚያበዙት ዓይነቶች ሪህን የሚያስነሳውን ዩሪክ አሲድ ከፍ ያደርጋሉ።

የግድ መውጣት ካለባችሁ ምርኩዙን ባላመማችሁ በኩል ያዙ። ደረጃ ላይ፣ እንደ ስታዲየም ባቡር ጣቢያ ያለው ላይ፣ ስትወጡ ደህነኛው እግር ይቅደም፣ ስትወርዱ የታመመው። ታክሲ ውስጥ ጋቢና ጠይቁ፤ ኋላ ወንበር ላይ ጉልበት ታጥፎ ከሜክሲኮ አራት ኪሎ መድረስ ለደህና ሰውም ይከብዳል። ቡና ሲፈላም በርጩማው ይቅርና ወንበር ይምጣላችሁ።

ሐኪሙ ጋ ስትደርሱ

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ የባህሉንም ጭምር። ፎቶውንና ቁጥሩን ገና ስትገቡ አሳዩ፣ ልትወጡ ስትሉ አይደለም።

ፈሳሽ ይቀዳ ሊባል ይችላል። አንዳንዱ ሰው «አንዴ ከተቀዳ ይለምዳል» ብሎ ይፈራል። ፈሳሹ የሚመለሰው መርፌው አስለምዶት አይደለም፣ ያስቆጣው በሽታ ስላልበረደ ነው። የተቀዳው ለምርመራ ወዴት እንደሚላክ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስና ማን እንደሚያየው ጠይቁ፤ ውጤቱን ራሳችሁ ይዛችሁ የምትመለሱት ከሆነ በዚያው ቀን አምጡት።

ጉልበታችሁ ውስጥ ስቴሮይድ ከተወጋችሁ አንድ ሁለት ቀን ከባድ ነገር አትሥሩ። ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁ ለጥቂት ቀናት ከፍ ሊል ስለሚችል ቶሎ ቶሎ ለኩት። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ ማመሙ ያለ ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሕመሙ እየባሰ፣ ጉልበቱ እየሞቀ ከሄደ ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ወደተወጋችሁበት ቦታ በዚያው ቀን ተመለሱ፣ ሌሊት ከሆነም ወደ ድንገተኛ ክፍል።